የጠዋቱ ፎቶዎች

በዚህ ዘመን ደብዳቤ በእጁ ጽፎ የሚልክ ሰው ወይ ክፉኛ አፍቅሯል፣ ወይ ክፉኛ ተቀይሟል። አስላክ ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣውን ነጭ ፖስታ ገልብጦ ሲያየው የጉንቮር የእጅ ጽሑፍ መሆኑን ወዲያው ለየው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ድፍረት አጣ። ሳይከፍተው በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተና ምሳ ሊበላ እናቱ ዘንድ ሄደ። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው ከደብዳቤ ሸሽቶ እናቱ ቤት ሲደበቅ ያሳፍራል፤ እሱም አፍሮ ነው መሰል አቀርቅሮ ገባ።

እናቱ ኦድቢዮርግ በኔስቶ እርሻ የማሸጊያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፖም ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ደህናውን ከተመታው ለመለየት አንድ ጊዜ ማየት ይበቃታል፤ ልጇንም የምታየው እንደዚያው ነው። የዓሣ ሾርባውን ፊቱ አስቀምጣ ከማዶው ተቀመጠች።

«ኪስህ ውስጥ ምን ደብቀሃል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምንምን ነው በየደቂቃው የምትደባብሰው?»

አስላክ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ከጉንቮር ደብዳቤ መጥቶልኛል።»

«አንብበዋ! ደብዳቤ ፖም አይደል፣ ሲቆይ አይጣፍጥ።»

ፖስታውን ቀደደው። ደብዳቤው አጭር ነበር።

«አስላክ፣ አባቴ ከሞተ አራት ወር ሊሞላው ነው። ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም። የዚያን ዕለት ጠዋት ብርሃኑ መጥፎ አልነበረም፤ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ዓይንም አለኝ። ፎቶዎቹን የከለከልከኝ አባቴ በተናገረህ ነገር ተቀይመህ ከሆነ ይገባኛል። ሲያስቀይምህ ሰምቻለሁ፤ ያኔ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግን ሰውየው ሞቷል። በሞተ ሰው ላይ ቂም አይያዝም። እሑድ የመቃብሩ ድንጋይ ይቆማል። እስከ ቅዳሜ ፎቶዎቹን ይዘህ ና። አልሰጥም ካልክም ምክንያቱን ዓይን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። ካልመጣህ እኔም ተውኩ፤ የፎቶውንም፣ የሌላውንም። ጉንቮር»

«የሌላውንም» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አነበባት። ሌላው ምን እንደሆነ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ያስብ ነበር፤ እናቱ ግን ሳይነገራት አውቃው ኖሯል።

«ፎቶ ነው የምትፈልገው?» አለች። «ስጣታ!»

«የለኝም።»

«የለኝም ማለት ምን ማለት ነው? ቀኑን ሙሉ ስታነሳ ውለህ አልነበር እንዴ?»

«አጥፍቼዋለሁ፣ እማ። በገዛ እጄ።»

ኦድቢዮርግ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ሆን ብለህ?»

«ሳላውቅ።»

«ታዲያ ይህን ለመናገር አራት ወር ፈጀብህ?» እናቱ አልጮኸችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «አባትዋ ሞቶባት ስታለቅስ፣ አንተ ‹ሳላውቅ አጠፋሁት› ማለት አቅቶህ ቂመኛ ልትባል መረጥክ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው፣ ልጄ።»

ሾርባው በረደ። አስላክ ቂም የያዘ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንኳ ይቅር ብሎ እንደሚገላገል እያሰበ፣ በሌለው ቂሙ ቀና።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ነሐሴ ነው። አስላክ የሠርግ ፎቶ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ያ አሥራ አምስት ዓመት የለመደው ዓይነት፣ በሠርግ ወቅት መሐል አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም አለ። የሦስት ሙሽሮች ፎቶ ይጠብቀዋል፤ አዲስ መግዛት ደግሞ ለእሱ ቀላል አልነበረም። ጉንቮር ይህን እንደሰማች ኦስሎ ሳለች የመጽሐፍ ገጽ ስታቀናብርበት የነበረውን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። አባቷ ልባቸውን ሲያማቸው ለኔስቶ እርሻ ብቸኛ ወራሽ እሷ ናትና ኦስሎን ትታ ወደ ትውልድ መንደሯ ኡልቪክ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ከአስላክ ጋር የተዋደዱትም እንደተመለሰች ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በጀልባ መጠበቂያው፣ በእሱ ትንሽ ስቱዲዮ፣ በዝናብ በተዘጋ መኪና ውስጥ ተገናኝተዋል። «እወድሻለሁ» የምትል ቃል ግን ከአፉ ወጥታ አታውቅም። የኡልቪክ ወንድ እንዲህ ያለውን ነገር ከሚናገር ጣሪያ ላይ ወጥቶ በረዶ ቢጠርግ ይመርጣል።

«ውሰደው» አለችው ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። «እኔ ጋ አቧራ ነው የሚጠጣው።»

«ስጦታ አልቀበልም።»

«ስጦታ ማን አለህ? በሥራ ትከፍለኛለህ። የለቀማ ጊዜ መጥተህ አባቴን ፎቶ ታነሳልኛለህ። ሰውየው ከመንጃ ፈቃዱ ላይ በቀር ፎቶ የለውም።»

«እሳቸው ለእኔ ካሜራ ይቆማሉ?»

«ለእኔ ሲል ይቆማል።» ሳቀች። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ ሲስተሙ አንተ ከለመድከው ሌላ ነው። መጀመሪያ ያናድድሃል።»

ስትሄድ ኪቦርዱ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፋለት ነበር። «ሲያስቸግርህ ደውል። ባያስቸግርህም ደውል» ይላል። አስላክ ወረቀቱን አንስቶ የሥራ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ የዚያን ቀን ሲያፏጭ ዋለ።

ሲስተሙ በእርግጥ ሌላ ነበር። የመስኮቱ መዝጊያ በቀኝ መሆኑ ቀርቶ በግራ ሆኗል፤ ኮፒ የሚደረግበት ቁልፍ ቦታው ሌላ ነው፤ ፎልደሮቹ የተደበቁበት ስፍራ ሌላ ነው። በሰው ማዕድ ቤት ገብቶ ወጥ እንደመሥራት ያለ ነገር ነው፤ ጨውም አለ፣ ሽንኩርትም አለ፣ እጅ ግን ወደለመደው መደርደሪያ ይሄድና ባዶ ያገኛል። ስክሪኑ ሸጋ ነበር። የሙሽሮቹ ፊት እንደዚያ ጠርቶ ታይቶት አያውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመድኩት አለ።

አልለመደውም ነበር። ፎቶዎቹን ሁሉ በየሳምንቱ የሚገለብጥበት ሌላ ዲስክ ነበረው፤ አዲሱ ሲስተም ያንን ዲስክ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። መላ እንዳለው ያውቃል፤ መላውን የምታውቀው ደግሞ ጉንቮር ናት። አንድ ስልክ መደወል ይበቃው ነበር። ግን በጸደይ ወራት በኔስቶ ቤት ራት ተጠርቶ ሳለ አባቷ ሽማግሌው ቶርጊልስ ጠረጴዛ ላይ የተናገሩት ቃል ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። «በሰው ሠርግ የሚኖር ሰው ዛፍ አይከረክምም» ነበር ያሉት፣ ድንቹን እየቆረጡ፣ ቀና ሳይሉ። ጉንቮርም ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ አስላክ የፖም ለዪዋ ልጅ መሆኑን ለአንድ ደቂቃ ረስቶ አያውቅም። የኔስቶ ልጅ ኮምፒውተር መስጠቷ አንሶ፣ አዝራሩ የት እንዳለም አስተማረችው እንዲባል አልፈለገም። ዲስኩን የሠርጉ ወቅት ሲያልፍ አየዋለሁ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነበር፤ ግን ማን ሰምቶ።

በመስከረም መጨረሻ ለቀማው ደረሰ። በተራሮች መሐል ከገባው ባሕር፣ ከፊዮርዱ ላይ ጭጋጉ ተነስቶ ጠዋቱ ወለል አለ። ሽማግሌው ቶርጊልስ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው ከዛፎቹ መሐል ካሜራውን እንዳላዩ ሆነው ይለቅሙ ነበር። አስላክ ከሩቅ ያነሳል፣ ይቀርባል፣ ይንበረከካል። እሳቸው በመጨረሻ ዞር አሉና አንድ ፖም ወረወሩለት።

«ብላ!» አሉት። «የሰው ፊት እያዩ ሆድ አይሞላም።»

ስድብ ይሁን ቀልድ አልገባውም። ፖሙን ግን በላው።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ነገር የሆነው። ጉንቮር መጥታ ከአባቷ ጎን ቆመች፤ ትከሻቸውን ይዛ ወደ ጆሯቸው ተጠጋችና አንድ ነገር አንሾካሾከችላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ሳቁ። የካሜራው ድምፅ አላቋረጠም። ሁለት መቶ ያህል ፎቶ ተነስቶ የመጀመሪያው ካርድ ሞላ። እኩለ ቀን ላይ ቶርጊልስ ደከመኝ ብለው ወደ ቤት ገቡ፤ ከሰዓት በሁለተኛው ካርድ ላይ የተነሳው ቅርጫት፣ ዛፍ፣ ውኃ፣ እና ጉንቮር ብቻ ነው።

አመሻሹ ላይ አስላክ የጠዋቱን ካርድ ፎቶዎች «ኔስቶ» በሚል ፎልደር አድርጎ የዓመቱ ሥራ ወደሚቀመጥበት ቦታ አስገባ። ከዚያ የከሰዓቱንም «ኔስቶ» ብሎ ሰየመና እዚያው ላይ ጎትቶ ጣለው። ኮምፒውተሩ ጠየቀው። «በዚህ ስም ሌላ ፎልደር አለ። ይተካ?»

በድሮው ኮምፒውተር ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፎልደሮች ሲገናኙ አዲሱ ከአሮጌው ላይ ይጨመር፣ ይቀላቀል ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ያየው ይህንን ነው። በዚህኛው ሲስተም ግን ይተካ ማለት ይተካ ማለት ነው፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ማሽኑ አልዋሸውም፤ በጨዋ ደንብ ጠይቆታል። አስላክ እሺ አለ። የኔስቶ ጠዋት ሄዶ የኔስቶ ከሰዓት ቀረ። በማግስቱ ደግሞ እንደ ልማዱ ለቅዳሜ ሠርግ ሁለቱንም ካርዶች አጸዳቸው። ፎልደሩን ከፍቶ የከሰዓቶቹን ባየ ጊዜም፣ የጠዋቶቹ ዝቅ ብለው ይገኛሉ ብሎ አለፈ። ለገና አስጠርዞ በመጽሐፍ መልክ ሊያመጣላት አስቦ ነበርና አልተቻኮለም።

በኅዳር አንድ ረፋድ ስልኩ ጮኸ።

«አባቴ ሞተ» አለች ጉንቮር። ድምፅዋ ደርቋል። «ከዛፍ ሥር ነው ያገኘሁት።»

«ልምጣ?» አለ።

«አሁን አትምጣ። አጎቶቼ አሉ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ያቺን የሚስቅባትን ፎቶ ላክልኝ። ለቀብሩ ፕሮግራም ሽፋን እሷን ነው የምፈልገው። ሌላ አልፈልግም፣ እሷን።»

«አሁኑኑ» አላት።

ፎልደሩን ከፈተ። ቅርጫት፣ ዛፍ፣ ውኃ፣ ጉንቮር። እንደገና ከላይ እስከ ታች ወረደ። ቅርጫት፣ ዛፍ፣ ውኃ፣ ጉንቮር። ያኔ «ይተካ?» የምትለው ጥያቄ ትዝ አለችው። ደውሎ እንዲህ ሆነ ቢላት በዚያን ሰዓት ምን ነበረበት? እሱን ያስጨነቀው ግን የምታስበው ነገር ነው። ስለናቀው ብሎ የአባቴን ፎቶ አጠፋ ትለኛለች፣ ማንም የሰማ አያምነኝም አለ። እናም የሰው ልጅ ሲደነግጥ የሚሠራውን ሠራ፤ ከጥፋቱ የባሰ ጥፋት። «ጉንቮር፣ በጣም አዝናለሁ። የጠዋቶቹ ፎቶዎች አልወጡም፤ ብርሃኑ መጥፎ ነበር» ብሎ ጽፎ ላከ።

መልሷ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

ካርዶቹን በርገን ከተማ ላለ ባለሙያ ልኮ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሠርግ ተነስቶባቸዋልና የሚመለስ ነገር የለም የሚል ምላሽ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ፕሮግራሙን ተቀበለ። ሽፋኑ ላይ ከመንጃ ፈቃድ ተወስዶ የተለጠጠ፣ በንዴት ያፈጠጠ ፊት አለ። ከፊቱ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «እውነትም ቶርጊልስ!» ተባብለው ፈገግ አሉ። ጉንቮር ስትወጣ በአጠገቡ አለፈች፤ ለአንድ አፍታ ዓይኗን ጣል አደረገችበት። በዚያ ዓይን ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይችለው ነበር። ያየው ግን ልመና ነው፤ እሱም አቀረቀረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ክረምቱን ሙሉ ሊያሽ ሞክሮ አቃተው።

ቅዳሜ ጠዋት አስላክ ወደ ኔስቶ ወጣ። እናቱ በር ድረስ ሸኝታው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ጩኽ» ብላዋለች።

በረዶው ከዛፎቹ ሥር ብቻ ቀርቶ ነበር። ጉንቮር የአባቷን ወፍራም ጃኬት ለብሳ መሰላል ላይ ቆማ ቅርንጫፍ ትከረክማለች። የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ዞር አለች፤ እጆቹን አየች።

«ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲያው ምክንያቱን ንገረኝ።» ወርዳ ከፊቱ ቆመች። «ዓይን ዓይኔን እያየህ።»

ነገራት። ስለ ፎልደሩ፣ ስለ ዲስኩ፣ «ይተካ?» ስላለው ጥያቄ፣ ስለ በርገኑ ባለሙያ፤ ምንም አላስቀረም። ሲናገር ለራሱም ነገሩ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገባው፤ አራት ወር የተሸከመው ሸክም በሁለት ደቂቃ አለቀ።

ጉንቮር መቀሱን እንደያዘች ቀረች። «ይኸው ነው?» አለች በቀስታ። «አልተቀየምክም ነበር?»

«ተቀይሜስ ነበር። ግን ፎቶውን የሚያጠፋ ቂም አልነበረም።»

«ለምን አልደወልክልኝም? ሲጠይቅህ፣ ይተካ ሲልህ?»

«አፈርኩ።»

«ከእኔ?»

«ከአባትሽ። ከአንቺም። ከሁላችሁም።»

«አንተ ሰው!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ለኮምፒውተሩ ብዬ መሰለህ የሰጠሁህ? እንድትደውልልኝ ብዬ ነው እኮ! ያስቸግረዋል፣ በየቀኑ ይደውልልኛል፣ አጠገቡ ተቀምጬ አሳየዋለሁ ብዬ። መስከረምን ሙሉ ስልኩ ከእጄ አልወጣም። አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረህም?»

«በየቀኑ አስቸግሮኛል።»

አስላክ እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

«አራት ወር ጠላሁህ» አለች ጉንቮር። «አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ማሸጊያ ቤት ሆኜ፣ አባቴን ስቀብር። በሙት የሚቀየም ክፉ ሰው አድርጌህ። ያልሆንከውን ሰው ነው የጠላሁት፤ አንተም እያወቅህ ዝም ብለህ አየኸኝ።»

«አዎ።»

«አዎ አትበለኝ!» እንባዋን በአባቷ ጃኬት እጅጌ ጠረገች። ቆየት ብላ በሌላ ድምፅ፣ እንደ መፍራት ባለ ድምፅ ተናገረች። «ፎቶዋን ለምን እንደፈለግኳት ልንገርህ። ለፕሮግራሙ ብቻ አልነበረም። ያን ጠዋት በጆሮው ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«‹አባዬ፣ ይህን ሰው ላገባው ነው› አልኩት። እሱም ሳቀ።»

አስላክ ቀና ብሎ አያት።

«አባቴን ታውቀዋለህ» አለች። «ሲያላግጥም ሲደሰትም ሳቁ አንድ ነው። የሚለየው ዓይኑ ላይ ነው። እኔ ጆሮው ሥር ነበርኩ፤ ፊቱን አላየሁትም። ከዚያ በኋላም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ፎቶው ሲመጣ አየዋለሁ ብዬ አልጠየቅኩትም። ከዚያ ሞተ።» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «አፊዞ ከሆነ የሳቀው፣ በእሱ ቤት፣ በእሱ ዛፎች መሐል ባሌ ነው ብዬ አንተን ማስገባት አይሆንልኝም፤ መቃብሩ ከዚህ ይታያል። ወዶ ከሆነ ግን፣ አስላክ፣ ወዶ ከሆነ የአራቱን ወር ይቅር እልሃለሁ። ፎቶው ጠፋ፤ ይጥፋ። ፊት ለፊቱ ቆመህ የነበርከው አንተ ነህ። ንገረኝ፤ ዓይኑ እንዴት ነበር?»

ይህ እንግዲህ በሰው ሕይወት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መልሱም በእጁ ነበር። ወደው ነው የሳቁት፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶት ነበር፣ ከሳቁም በኋላ ወደ እኔ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ ማለት ይችላል። የሚያስተባብለው ሰው የለም፤ ፎቶ የለ፣ ምስክር የለ። ያቺን ቃል ካላት ይህች ሴት፣ ይህ ቤት፣ ቀሪ ዕድሜው የእሱ ይሆናሉ። ምናልባትም ውሸት አይደለም፤ ምናልባት ሽማግሌው በእርግጥ ወደው ነበር።

ዓይኑን ጨፍኖ ያን ጠዋት ፈለገ። ሰማያዊው ቱታ መጣለት። ወደ ኋላ የተጣለው ራስ መጣለት። ከዚያ በላይ የሽማግሌውን ፊት ሊያይ ሲሞክር ግን የሚመጣው ሌላ ፊት ነው፤ ነፋስ የበተነው ጸጉሯ፣ በቅርንጫፍ የተጫረው አገጯ፣ አባቷን አቅፋ ወደ ካሜራው ሰርቃ ያየቻት ያቺ ለስላሳ ዕይታ። ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ ሁለት መቶኛው ሌላ ነገር አላየም።

«አላውቅም» አለ።

«አስብ!»

«አስቤያለሁ። አላየሁትም፣ ጉንቮር። አንቺን ነበር የማየው። ካሜራውን ወደ እሳቸው እያዞርኩ የማየው አንቺን ነበር። ሁልጊዜም አንቺን ነው የማየው። እወድሻለሁ።»

ወጣች። ሁለት ዓመት ጉሮሮው ላይ ተቀርቅራ የኖረችው ቃል ወጣች፤ መውጣት በማይገባት ሰዓት፣ መምጣት በማይገባት መንገድ። ጉንቮር እንደተመታ ሰው ፊቷን አዞረች።

«ብትዋሸኝ አምንህ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

«አንድ ጊዜ ዋሽቼሻለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ አሁን ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም። «እንዲህ ያለውን እውነት በኅዳር ብታመጣልኝ ኖሮ» አለች፣ «ያለ ፎቶም፣ ያለ አባቴም ዓይን ይበቃኝ ነበር። ሰው እውነተኛ ከሆነ ሌላውን አባቴም ይተወው ነበር። አሁን ግን ዘገየህብኝ፣ አስላክ። አራት ወር የሞላሁትን ጥላቻ የት እንደምደፋው አላውቅም። አንተን ሳይ ያው ጥላቻ ነው የሚመጣብኝ።»

ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ መለሰው። እሷ ተመልሳ መሰላሉን ወጣች።

«መሰላሉን ልያዝልሽ?» አላት።

«ግድ የለም» አለች፣ ቁልቁል ሳታይ። «ራሱን ችሎ ይቆማል።»

አስላክ ጥቂት ቆሞ ነበር። ከዚያ በዛፎቹ መሐል ወደ መኪናው ወረደ። የመቀሱ ድምፅ ከኋላው ይሰማዋል። ትጠራኛለች ብሎ አልነበረም ጆሮውን የጣለው፤ እንደማትጠራው ያውቃል። ከእንግዲህ እሷ አጠገብ ቆሞ የሚሰማው ድምፅ ስለሌለ ነው። መኪናው ጋ ደርሶ በሩን ከያዘ በኋላም አልከፈተውም፤ ከከፈተው ድምፁ ይቋረጥበት ይመስል፣ እዚያው ቆሞ አዳመጠ።